«ሹፌሩ ተቀጥቶ ያውቃል?»

የወረታ መስመር ሚኒባስ እንዳለችኝ የሚያውቁ ሰዎች ሰሞኑን አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ሹፌርሽ ጠጥቶ ተይዞ፣ ያ ሁሉ ሆኖ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ማን ሰጠሽ?» አንዳንዱ በዘመድ የጨረስኩት ይመስለዋል። ሌላው በጉቦ። ሁለቱም አይደለም። አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክለት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ። መኪናዋን የገዛናት ከወንድሜ ጋር ነው። ግማሹን እሱ ከአሜሪካ ላከ፤ ግማሹን ከባንክ ተበደርን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሊብሬው በስሜ ነው። ሹፌራችን የሰፈር ልጅ ነው። ሥራ አክባሪ ነው፣ ከተሳፋሪ አይጣላም፣ ሒሳብ አያጎድልም። አንድ የሚካኤል ዕለት ማኅበር ላይ ዋለ። ጠላው ላይ አረቄ ጨመረበት። ማታ መኪናዋን ወደ ማደሪያዋ ሲያመጣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ መንገድ ዳር የቆመች ባጃጅ ገጨ። ባጃጇ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ተመስገን ነው። ትራፊክ መጣ፣ ፕላን ተነሳ፣ ትንፋሹ ሲለካ ከተፈቀደው አልፎ ተገኘ። ተከሰሰ፣ ተቀጣ፣ መንጃ ፈቃዱም ታገደ።

ሰው የሚያወራው ስለዚያች ማታ ነው። እኔን ያደከመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት ነው።

እዚህ አገር መኪና ያለው ሰው የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ ነው። አንዱ ሦስተኛ ወገን ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣትን ይከለክላል። መስታወት ላይ የምንለጥፈው እሱን ነው። የሚከፍለው የእኔ መኪና ለጎዳችው ሰውና ንብረት እንጂ ለእኔ መኪና አይደለም። ጣሪያም አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ከ100 ሺህ ብር አይበልጥም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ከጣሪያው የተረፈው ዕዳ የት ይሄዳል? ባለቤቱ ቤት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። መሪውን ሌላ ሰው ይያዘው እንጂ ዕዳው የባለ ሊብሬው ነው። ብዙ ባለንብረት ይህን የሚሰማው ፍርድ ቤት ከቆመ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ የምንለው ነው። የራስን መኪና ከግጭት፣ ከቃጠሎና ከስርቆት ይሸፍናል። ሕግ አያስገድድም። ባንክ ግን ያስገድዳል። የብድር ውላችን ላይ «ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋ ሙሉ ኢንሹራንስ ይኑራት፣ የካሳው ተጠቃሚም ባንኩ ይሁን» የሚል አንቀጽ አለ። ስንፈርም አንብበን አልፈነዋል። ኋላ የእንቅልፌ ጠላት የሆነው ይኸው አንቀጽ ነው።

የባጃጇን ጉዳት ሦስተኛ ወገኑ ከፈለ። የባጃጇ ባለቤት ምንም አላጠፋም፤ ሹፌሩ ሰከረም አልሰከረም ገንዘቡን ማግኘት ነበረበት፣ አገኘም። ብዙም ሳይቆይ ግን ኩባንያው ለእኔ ደብዳቤ ላከ። ሹፌሩ በአልኮል ተጽዕኖ ሥር ስለነበረ የከፈልነውን ይተኩልን ይላል። የእኔ መኪና ኮፋኖና ፓራውልት ደግሞ ጭራሽ አልተሸፈነም። ፖሊሲው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር አለ። ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከር፣ ከፈቃዱ ደረጃ በላይ የሆነ መኪና መንዳት፣ ትርፍ መጫን፤ ሽፋን የለም። ውሉ ነውና አልተከራከርኩም። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሲሸጡልን «ሁሉም ይሸፈናል» ብለው ነው፤ ዝርዝሩን ያነበበልን የለም።

እድሳቱ ደረሰ። ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ፣ «እትዬ፣ ሦስተኛ ወገኑን እናድስልዎታለን፤ ሙሉውን ግን አለቆች አልፈቀዱም» አለችኝ። በጽሑፍ ስጪኝ አልኳት። ደነገጠች። ብዙ ሰው ተቆጥቶ ይወጣል እንጂ ወረቀት አይጠይቅም መሰለኝ። እኔ ግን ፈልጌዋለሁ፤ ምክንያቱም ባንኩ ነገ «ለምን አላሳደስሽም?» ሲለኝ ዝም ብዬ መቆም አልፈልግም። ደብዳቤውን ለባንኩ ወሰድኩ። የብድር ኦፊሰሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ሌላ ኩባንያ ፈልጊ ብሎ አጭር ቀነ ገደብ ሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ መኪናዋ ቆመች። የቆመች መኪና ወለድ አታቆምም።

ሌላ ኩባንያ ቅርንጫፍ ገባሁ። የሽያጭ ወኪሉ ወጣት ነው፤ ፈጣን፣ ሳቂታ። ቅጹን ራሱ ይሞላልኝ ጀመር። ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ የሥራው ዓይነት። እስክሪብቶው ሳያርፍ ይወርዳል። ገጹን ገለበጠ። እዚያ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። «እርስዎ ወይም ሹፌርዎ በትራፊክ ጥፋት ተቀጥታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል አንዱ። «ሌላ ኩባንያ ኢንሹራንስ ከልክሎዎት ወይም አላድስም ብሎዎት ያውቃል?» ይላል ሁለተኛው። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሁለቱም ላይ «የለም» ብሎ ምልክት አደረገ።

«ቆይ እንጂ» አልኩት። «ሁለቱም አለ።»

እስክሪብቶውን አቆመ። ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይህ ፎርማሊቲ ነው። ሁሉም ሰው የለም ነው የሚለው። ኩባንያዎቹ እርስ በርስ መዝገብ አይለዋወጡም። ማን ያጣራል?» አለኝ።

አልዋሽም፣ አባባሉ ደስ ይላል። አሁን ፈርሜ ብወጣ በማግስቱ ወረታ ተሳፋሪ እጭናለሁ። ማን ያጣራል ላለው መልሱ ግን ቀላል ነው። ዛሬ ማንም አያጣራም። ሲሸጥ ማን ያጣራል? የሚጣራው ካሳ ሲጠየቅ ነው። ያኔ ፋይሉ ከትራፊክ ፖሊስ ይመጣል፣ የድሮው ኩባንያ ይጠየቃል፣ ጋራዡ ይጠየቃል። የንግድ ሕጋችን የመድን ክፍል የ1952ቱ ነው፤ በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም ይኸኛው ክፍል አልተነካም። ቁጥር 667 ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ለኩባንያው ውሳኔ የሚጠቅመውን የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ እያወቀ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ አይኖረውም ይላል። ማለትም ዓመቱን ሙሉ አረቦን፣ የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ከፍሎ፣ በቸገረው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ባንኩም አብሮ። በዚያ ላይ ቅጹ ሥር የሚፈርመው ወኪሉ ሳይሆን እኔ ነኝ። ልጁ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል፤ የእኔ ፊርማ ግን ፋይሉ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ደግሞ ባሕር ዳርን አስቡት። ከተማው በብስክሌት የተሞላ ነው። ማታ መብራት የሌለው ብስክሌት ላይ እናትና ልጅ ተፈናጠው ሲሄዱ አይቻለሁ። የዚያን ማታ በባጃጇ ቦታ እነሱ ቢኖሩስ እያልኩ ነበር የቅጹን ጥያቄ ያነበብኩት። ለዚህ ነው «ፎርማሊቲ» የሚለው ቃል ያልተዋጠልኝ።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ያለው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ቨርጂኒያ። አብሮት የሚሠራ የኛው አገር ልጅ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበርና ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። እዚያ ቅጽ ላይ የለም ብሎ ነገር የለም አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ዲኤምቪ የሚሉት መንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ደግሞ ኤፍ አር 44 የሚባል ማረጋገጫ ይጠይቃል። ማረጋገጫውን የሚልከው ባለመኪናው ሳይሆን ራሱ ኢንሹራንሱ ነው፤ በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ። ለሦስት ዓመት ይቆያል። በመሃል አረቦን ሳይከፈል ቀርቶ ውሉ ቢቋረጥ ኩባንያው ወዲያው ያስታውቃል፤ መንጃ ፈቃዱም እንደገና ይታገዳል።

ሽፋኑም ተራ ሽፋን አይደለም፤ የዝቅተኛው እጥፍ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በነሱ አቆጣጠር ከ2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ ዶላር፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ነው። ኤፍ አር 44 ያለበት ሰው 100 ሺህ፣ 200 ሺህና 50 ሺህ መግባት አለበት። ሌሎች ብዙ ግዛቶች ኤስ አር 22 የሚባል ቀለል ያለ ማረጋገጫ ነው የሚጠይቁት፤ ኤፍ አር 44 ያለው ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ ብቻ ነው። ልጁ መኪናው ውስጥ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ አስገጥሟል። ካልነፋበት ሞተሩ አይነሳም። ነባር ኩባንያው አላድስም ስላለው፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸውን ሰዎች የሚቀበል ሌላ ኩባንያ ፈልጎ ገባ። በውድ ዋጋ፣ ግን ገባ።

ስልኩን ዘግቼ ሳስበው ልዩነቱ ታየኝ። እዚያ መንግሥት ራሱ ይጠይቅሃል፤ ብትፈልግም አትደብቅም። እዚህ የሚጠይቅህ ያ ቅጽ ብቻ ነው። ቅጹን የሚሞላልህ ደግሞ «የለም» ላይ ምልክት ማድረግ የለመደ ወኪል ነው። ስለዚህ መናገሩ የወደቀው እኔ ላይ ነው። መናገሬ ካልቀረ ደግሞ አሳምሬ ልናገር አልኩ።

አንድ ባልደረባዬ የኢንሹራንስ ደላላ አገናኘችኝ። ደላላ ስል የመኪና ደላላ እንዳይመስላችሁ። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው፣ የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የደንበኛው ወገን ሆኖ ከብዙ ኩባንያ ዋጋ የሚያመጣ ሰው ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ጋሼ ነው የምለው፤ ዕድሜው ከጡረታ አልፏል። ታሪኬን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «የደበቅሽው ነገር አለ?» አለ። የለም አልኩት። «እንግዲያውስ ይህ ከባድ ፋይል አይደለም፤ ያልተሟላ ፋይል ነው» አለ። ከዚያ የሚፈልገውን ወረቀት በእጁ ጻፈልኝ።

አንደኛው ከድሮው ኩባንያ የካሳ ታሪክ ደብዳቤ ነው። ከዚያች ማታ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድም ካሳ እንዳልጠየቅን የሚገልጽ። ይህን ደብዳቤ ለማውጣት ታግያለሁ፤ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ኩባንያ የሚፈራው አንድ መጥፎ ቀን ያለውን ሰው ሳይሆን ታሪኩን የማያውቀውን ሰው ነው ይላል ጋሼ። ሌላው የፖሊስ ሪፖርትና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቅጂ ነው። ሌላው የአዲሱ ሹፌር መንጃ ፈቃድና የሥራ ልምድ። የጋራዡ ደረሰኝ ከፎቶ ጋር፤ መኪናዋ በወጉ መጠገኗን የሚያሳይ። በመጨረሻ እኔ የጻፍኩት አንድ ገጽ ደብዳቤ። ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ። ጋሼ «ልመና አታስገቢበት» ብሎ ሁለት አንቀጽ ሰረዘብኝ። አስተማሪን ማረም ደስ ሳይለው አልቀረም።

አንዱ ኩባንያ ፋይሉን አይቶ አይሆንም አለ። ሌላው መኪናዋን እንይ አለ።

መርማሪው የመጣው ጠዋት ነው። በስልኩ አራቱንም ጎን ፎቶ አነሳ። ሻንሲ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ጎማዎቹን አየ፣ ፍሬቻዎቹን አስበራ፣ ፍሬን አስረገጠ። ከዚያ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ ፓራውልቱን በጣቱ አንኳኳ። ኮፋኖውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ቀለሙ የት ጋ እንደሚጀምር እየፈለገ። «ይህ የተቀየረ ነው። መቼ ነው?» አለ። ቀኑንና ደረሰኙን ሰጠሁት። ፋይሉን ገልጦ አመሳከረና ጻፈ። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያ ሳቂታ ወኪል ትዝ አለኝ። «የለም» ብዬ ፈርሜ ቢሆን እዚያች ፓራውልት ፊት ምን እል ነበር?

ዋጋው ላይ ግን ላስጠነቅቃችሁ። አረቦኑ ሲመጣ ከበፊቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሰው ሁሉ «ያ ልጅ አስከፈለሽ» ይለኛል። ሙሉ እውነት አይደለም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የኛ ፖሊሲ ላይ ተጽፎ የነበረው ግን የድሮው ዋጋ ነው። መኪናን ከዋጋዋ በታች ማስመዝገብ አረቦን ይቀንሳል፤ አደጋ ሲመጣ ግን ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። የዋጋዋን ግማሽ አስመዝግቦ የነበረ ሰው ለአንድ መቶ ሺህ ብር ጥገና የሚያገኘው ሃምሳ ሺህ ነው። ስለዚህ ዋጋዋን ወደ ትክክለኛው አመጣን። ጭማሪውን ጋሼ ለሁለት ከፍሎ ሲያሳየኝ የሚበዛው የመጣው ከዋጋው ነው። የሹፌሩ ጥፋት ያመጣው ቀሪውን ነው። የካሳ ታሪኩ ደብዳቤ ደግሞ ከላዩ ትንሽ አስቀነሰልን። ዋጋ ሲነገራችሁ እንዲህ ተከፋፍሎ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። በጅምላ ከተነገራችሁ ምን ላይ እንደምትከራከሩ አታውቁም።

ሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሴ የምከፍለው፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከፍ አለ። መኪናዋን የሚነዳው ስሙ የተጻፈው ሹፌር ብቻ ነው። የድሮው ሹፌር መሪ ከያዘ፣ ለአንድ መቶ ሜትርም ቢሆን፣ ሽፋን የለም የሚል አንቀጽም ተጨመረ። ለእሱም አነበብኩለት። «እትዬ፣ ልክ ናቸው» አለና አጠገቤ ፈረመ። ፊርማውን ኩባንያው አልጠየቀም፤ እኔ ነኝ የፈለግሁት።

አሁን ምን ይሠራል? እዚያችው መኪና ላይ ረዳት ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አሉ። እናቱን አውቃለሁ፤ ሥራ አጥቶ አረቄ ቤት ከሚውል ወረታ መናኸሪያ ተሳፋሪ ቢጠራ ይሻላል ብዬ ነው። አዲሱ ሹፌር ቁልፉን ኪሱ ይዞ ነው የሚያድረው። ባንኩም የፖሊሲውን ቅጂ ተቀብሎ ፋይሉን ዘግቷል።

የቀረው የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ ያለው ነገር ነው። ጋሼ እንዳለኝ ልጁ ወደ መሪው እንዲመለስ ከፈለግሁ ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ለኩባንያው በጽሑፍ ማመልከት አለብኝ፤ ያ ቅጽም እንደገና ይመጣል። ኩባንያው እሺ ሊል ይችላል፣ ዋጋ ጨምሮ። እምቢም ሊል ይችላል። ወንድሜ «በጭራሽ» ብሏል። ልጁ እስካሁን አልጠየቀኝም። እኔም ገና አልወሰንኩም፤ እስከ መስከረሙ እድሳት ጊዜ አለኝ።